«አጀሉ ደርሶ ነው» እያልን አብረን የምንቀብረው አማና



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድምና እህቶች! ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጉዳዩ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ታግሳችሁ አንብቡት። በተለይ ነርስ የሆናችሁ፣ ነርስ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ሆስፒታል ሰው አስተኝታችሁ የምታውቁ ሁሉ ሳትጨርሱት እንዳትሄዱ አደራ እላለሁ።

እኔ በመስጂዳችን ኢማማችንን የማግዝ ሰው ነኝ። እሳቸው ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ፣ ከዐስር በኋላ ልጆች አቀራለሁ፣ የወንድ ጀናዛ ሲኖር አጥባለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት መድረሳ ነው። «ታዲያ ስለ ነርስ ሥራ ምን አገባህ?» የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው። ሆስፒታሉ ሥራውን ሲጨርስ ገላውን የሚረከበው እኔ ነኝ።

ጀናዛ የሚያጥብ ሰው የሟቹን ነውር እንዲሸፍን ዲናችን ያዛል። ገላው ላይ ያየውን መጥፎ ነገር አውጥቶ አያወራም። ይህንን አደብ ከሸኾቼ ተምሬ ለዓመታት አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ሟቹ ጀርባ ላይ ያለው ቁስል የሟቹ ነውር ነው ወይስ የሌላ ሰው ጥፋት? የሌላ ሰው ጥፋት ከሆነ በዝምታዬ የምሸፍነው ማንን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሻዕባን አንድ አባታችንን አጠብኩ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ፈጅር ላይ ከመጀመሪያው ሰፍ ጠፍተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሌሊት ለውዱእ ሲነሱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ገብተው 24 ቀን ተኙ፣ ከዚያ አረፉ። በግራ ጎናቸው አዙረን ውሃ ስናፈስ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ መዳፌን የሚያህል ቁስል አየሁ፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ዙሪያው የጠቆረ። ሁለቱም ተረከዞቻቸው እንደዚያው ናቸው። ወላሂ ውሃውን የሚያፈስልኝ ልጅ እጁ ተንቀጠቀጠ።

ያስታመማቸው ልጃቸው በኋላ ነገረኝ። አባቱ «ጀርባዬን አቃጠለኝ» ይሉ ነበር። ለተረኛዋ ነርስ ሲነግራት «ሽማግሌ ሲተኛ እንደዚህ ነው» ብላ አለፈችው። አንድ ሌሊት በትኩሳት ሲነድዱ ሽርጥ እያረጠበ ግንባራቸውን ሲያበርድ አደረ። ጠዋት ከአልጋው ግርጌ ያለውን ወረቀት ሲያይ የሌሊቱ ሙቀት 36.5 ተብሎ ተጽፏል። ግፊት 120 በ80፣ የልብ ምት 80። ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም ያው ነው፤ ከዚያም በፊት ያው። በዚያ ሌሊት ግን መለኪያ ይዞ ወደ አባቱ አልጋ የመጣ ሰው አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል ግን ነርሷ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ የክፍሉን ሰው ሁሉ ወረቀት በአንድ ጊዜ ስትሞላ አይቷታል።

ልጁ ይህንን በተዕዚያው ላይ መናገር ሲጀምር ሽማግሌዎቻችን ከለከሉት። «ልጄ ተው፣ አጀላቸው ደርሶ ነው። አላህ የጻፈውን ማን ይመልሳል?» አሉት። እኔም፣ አላህ ይማረኝና፣ አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቁስሉን በእጄ ያጠብኩት እኔ ሆኜ ልጁን ዝም ካሰኙት አንዱ ሆንኩ። ይህንን የምጽፈው የዚያን ቀን ያጠፋሁትን ለማረም ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ቁስሉ ገደላቸው አልልም፤ እሱን የሚያውቅ አላህ ነው፣ ከሰው ደግሞ ሐኪም ነው። በአጀልም አምናለሁ። አጀል አንዲት ደቂቃ አትቀድምም፣ አትዘገይምም። የምሟገተው አጀልን የሰው ጥፋት መሸፈኛ ከምናደርግበት ልማድ ጋር ነው። ይህ ልማድ ተውሒድ እየመሰለን ለዓመታት ይዘነው ኖረናል፤ ከዲናችን ግን አይደለም። ማስረጃ ላቅርብ።

አቡ ዳውድ የዘገቡት ታሪክ አለ። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ተፈንክቶ ሳለ ጀናባ ሆነ። አብረውት የነበሩትን «በተየሙም መብቃቃት እችላለሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም ሳያውቁ «ውሃ እያለ አይቻልህም» አሉት። ታጠበ፣ ሞተም። ወሬው ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ «አጀሉ ነበር» ብለው አላለፉትም። የገደሉት እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ፣ እጅግም ተቆጡ፣ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁም ወቀሷቸው። ልብ በሉ! አጀልን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሆኖም አጀል መኖሩ ጥፋተኛውን ከመጠየቅ አላገዳቸውም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ክፋት አልነበራቸውም፤ ባልደረባቸውን ነበር የጎዱት።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰርግ ከሚባል ቦታ ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። መርፌውን በሰዓቱ መስጠትም ቀደር ነው። በሽተኛን ማገላበጥም ቀደር ነው። ቀደርን ትተን እንቅልፍን ብቻ ቀደር የምናደርገው ለምንድን ነው?

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከበደው የዑስማን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በድር ሲዘመት ባለቤታቸው፣ የነቢያችን ልጅ ሩቀያ፣ ታማ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዑስማንን እሷን እንዲያስታምሙ መዲና አስቀሯቸው። ከዚያም በድር ላይ እንደዋለ ሰው ምንዳም ድርሻም እንዳላቸው ነገሯቸው፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ሩቀያ ግን አልዳነችም፤ የድሉ ብስራት መዲና ሲደርስ እየቀበሯት ነበር። አጀሏ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዑስማን ያንን ሁሉ ምንዳ ያገኙት በምንድን ነው? በማዳናቸው አይደለም፤ ማዳን የአላህ ነው። ያገኙት በሽተኛዋ ራስጌ በመገኘታቸው ነው። ነርስ ሆይ! ያንተም ሒሳብ እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው ለምን ሞተ ብሎ አላህ አይጠይቅህም። የት ነበርክ ብሎ ግን ይጠይቅሃል።

አንዳንድ ሰው የነርስ ሥራ መርፌ መውጋት ብቻ ይመስለዋል። ዶክተሩ ጠዋት ዞሮ በሽተኛውን ጥቂት ደቂቃ አይቶ፣ መድኃኒት ጽፎ ይሄዳል። የቀረው ቀንና ሌሊት ሁሉ የነርስ ነው። የተኛ ሰው ራሱን ማገላበጥ ካልቻለ የሰውነቱ ክብደት አጥንት ጎልቶ በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ በታችኛው ጀርባ፣ በዳሌ፣ በተረከዝ፣ ቆዳውን ተጭኖ ደም ይከለክለዋል። መጀመሪያ ቀይ ምልክት ብቻ ነው፤ እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ስለማይታይ በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን መለየት ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ከተያዘ በየሁለት ሰዓቱ ጎን በመለወጥ፣ አንሶላውን ደረቅ በማድረግ፣ ተረከዝን ከፍራሹ ከፍ በማድረግ ሊመለስ ይችላል። ያለፈ እንደሆነ ግን እስከ አጥንት ይዘልቃል። ይህን ለመከላከል ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ ዓይንና እጅ ነው የሚያስፈልገው።

ወላድም እንደዚሁ። በዓለም ላይ እናቶች በወሊድ ምክንያት ከሚሞቱባቸው ነገሮች ቀዳሚው የደም መፍሰስ ነው። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ባሉት ሰዓታት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ሳትጮህ፣ ዝም ብላ ልትፈስ ትችላለች። ቤተሰቧ «ደክሟት ተኛች» ይላል። ብርድ ልብሱን ገልጦ የሚያይ፣ ማህፀኗን ዳስሶ የሚያረጋግጥ፣ ግፊቷን ደጋግሞ የሚለካ ሰው ከሌለ መኝታዋና ሞቷ አይለዩም። ወረቀቱ ላይ ግን 120 በ80 ተጽፎ ይገኛል።

ወደዚህ ወረቀት ልመለስ፤ የጽሑፌ እምብርት እሱ ነውና። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከከባባድ ወንጀሎች ሁሉ የከፉትን ሲዘረዝሩ በአላህ ማጋራትንና የወላጅን ሐቅ መጣስን ከጠቀሱ በኋላ፣ ተደግፈው ከነበሩበት ቀና ብለው ተቀመጡና የሐሰት ምስክርነትን አነሱ። ሶሓቦች ዝም ባሉ ብለው እስኪመኙ ድረስ ደጋገሙት። ሸሃደቱ ዙር ሲባል ሁላችንም የሚታየን ፍርድ ቤት ቆሞ በመሬት ክርክር የሚዋሽ ሰው ነው። ያልለካኸውን ሙቀት ጽፈህ ፊርማህን ያስቀመጥክበት ወረቀትስ? በማግስቱ ዶክተሩ ያንን ወረቀት አምኖ «ትኩሳት የለውም» ብሎ መድኃኒት ይወስናል። በአንድ ሰው ነፍስ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ነው። የመሬት ምስክር ቢዋሽ አንድ ቁራሽ መሬት ያለ ሐቁ ይሄዳል። የነርስ ወረቀት ቢዋሽ የሚሄደውን እናንተው ገምቱት።

ይህንን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በጀማዓችን ላለ አንድ ወጣት ነርስ አስነበብኩት። አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ እንዳልፈርድ ብዬ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ የጻፍከው እውነት ነው። እኔም ሳልለካ ጽፌ አውቃለሁ፤ አላህ ይማረኝ። ግን አንድ ሌሊት ብቻዬን 34 በሽተኛ ይዤ አድሬያለሁ። ከእነሱ 12ቱ ራሳቸውን ማገላበጥ አይችሉም። አንዱን አዙሮ፣ አጽድቶ፣ አንሶላውን ለማስተካከል 10 ደቂቃ ይፈጃል። 12 ሰው 120 ደቂቃ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አዙር ስትለኝ ሁለቱ ሰዓት በሙሉ አለቀ። መርፌውን ማን ይስጥልኝ? ድንገት ትንፋሽ ያጠረውን ማን ይይልኝ?»

ሒሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። ልክ ነው። ሰዓቱ አይበቃም። ሸሪዓችን ደግሞ ከአቅም በላይ አያስገድድም። ስለዚህ 34 በሽተኛ ይዞ 12ቱን ማዞር ያልቻለ ነርስ አላህ ዘንድ የሚጠየቀው በቻለው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የመደበበት ኃላፊ ግን በዚያ ሌሊት ቤቱ ተኝቶም ቢሆን ይጠየቃል። ሁሉም እረኛ ነው፣ ሁሉም ስለ መንጋው ይጠየቃልና።

ነገር ግን ያንን ወንድሜን አንድ ነገር መልሼ ጠየቅኩት። «ያን ሌሊት ወረቀቱ ላይ ምን ጻፍክ?» አልኩት። «ሁሉንም ሞላሁት» አለ። «ለምን?» «ባዶ ከሆነ ጠዋት እወቀሳለሁ። ወረቀቱ ይሙላ ነው የሚባለው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የምናገረው። ወንድሜ! እህቴ! አንተ ብቻህን 34 ሰው ይዘህ ያደርክበት ሌሊት ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ተለክቷል፣ ሁሉም ተዟዟረ፣ ሁሉም ሰላም ነው ይላል። ያንን ወረቀት የሚያይ ኃላፊ «አንድ ነርስ ለ34 ሰው ይበቃል» ቢል ማን መሰከረለት? አንተ ነህ የመሰከርክለት። በገዛ ብዕርህ፣ በገዛ ፊርማህ! ሁለተኛ ነርስ እንዳይመጣልህ ያደረገው የሞላኸው ወረቀት ነው። ያልለካኸውን «አልተለካም፤ ተረኛ አንድ፣ በሽተኛ 34» ብለህ ብትጽፍ ለበሽተኛውም ለራስህም እውነተኛ ምስክር ትሆን ነበር። ትወቀስ ይሆናል። ለእውነት መወቀስ ግን በውሸት ከመመስገን ይሻላል። «ወረቀቱ ይሙላ» የምትሉ ኃላፊዎችም ስሙ፤ የሐሰት ምስክር ኃጢአት በመሰከረው ብቻ አይቀርም፣ እንዲመሰክር ያስገደደውም ድርሻ አለው።

«ደመወዙ አያኖርም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አያኖርም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ጥያቄያቸው ባዶ አልነበረም። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ያዘዘ ዲን ይዘን የነርስን ረሃብ ልናቃልል አንችልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለይ። ደመወዝህን ያሳነሰው አሠሪህ ነው፤ አልጋው ላይ የተኛው ሽማግሌ አይደለም። ከላይ የወረደብህን ዙልም ከበታችህ ላለው ማውረድ ዙልሙን ሁለት ያደርገዋል እንጂ አያካክሰውም። አነሰኝ ብለህ መጠየቅ ሐቅህ ነው፣ ሥራውን መልቀቅም ሐቅህ ነው። «ለክቻለሁ» ብለህ ሳትለካ የበላኸው ብር ግን ትንሽም ቢሆን ሐላልነቱ ያጠያይቃል።

ሸሪዓችን ለታማኝ ባለሙያ ጠንካራ ጋሻ እንደሰጠውም ይታወቅ። ዑለማዎች ስለ ዶማን፣ ማለትም ስለ ተጠያቂነት ሲናገሩ ሙያውን የሚያውቅ፣ የሙያውን ሐቅ የተወጣና ድንበር ያላለፈ ሐኪም በሽተኛው ቢሞትበትም እንደማይጠየቅ ገልጸዋል፤ ኢብኑል ቀይም ይህንን በሰፊው ዘርዝረውታል። ተጠያቂ የሚሆነው ሳያውቅ የገባበትና ቸል ያለው ነው። የሀገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ወንጀል ሲያደርግ፣ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። ቤተሰብ በወግ አቤት ቢል ጥሩዋን ነርስ አይጎዳትም፤ ከሰነፉ ጋር በአንድ ስም ከመጠራት ያድናታል።

«ይህ ሐሜት አይደለምን?» ለምትሉ ሽማግሌዎቼ በአክብሮት አንድ ነገር ላንሳ። ኢማሙ ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ከሁሉ ያስቀደሙት የተበደለ ሰው ሊፈርድለት ለሚችል አካል የሚያቀርበውን አቤቱታ ነው። ስም ጠርቶ በሰፈር ማውራት ሐሜት ነው። ወረቀት ጽፎ ለሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ካልሆነም ለጤና ቢሮ ማቅረብ ሐቅን መጠየቅ ነው። እኛ ግን ግልብጡን ሆነናል። በተዕዚያ ዝም እንላለን፣ በጫት ቤትና በሻይ ቤት ስም እንጠራለን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ነርሱን ብቻ ወቅሼ ብጨርስ ሚዛን አላግባብ መስፈር ይሆንብኛል።

ሆስፒታል ገብተን የምንሠራውን እናውቀዋለን። አንድ በሽተኛ ለመጠየቅ 15 ሆነን እንገባለን። አልጋው ላይ እንቀመጣለን፣ ድምፃችንን እናሰማለን፣ ውጡ ስንባል እንቆጣለን። ነርስ ላይ እጁን ያነሳ ሰው በጀማዓችን አለ፤ ራሱን ያውቃል። «ለሻይ» ብለን ብር በእጇ እናስጨብጣታለን፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ድሃ የሚሰጠው ስለሌለው ሳይታይ ያድራል። ያ ጉቦ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሰጠነውም የተቀበለችውም ከእርግማኑ አናመልጥም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ይህ ነው። ሚስቱ ምጥ ሲይዛት «ወንድ አይንካብኝ፣ ሴት አምጡልኝ» ብሎ በር ላይ የሚቆም አባት፣ ልጁ ነርሲንግ ወይም አዋላጅነት ልማር ስትለው «የሴት ልጅ ሌሊት ማደር ምንድን ነው?» ብሎ ይከለክላታል። ሱብሃነላህ! ታዲያ ያቺ ሌሊት የምትጠብቃት ሴት የማን ልጅ እንድትሆን ነው የምትፈልገው? የሌላ ሰው ልጅ ሌሊት ትደር፣ የእኔ ትተኛ ማለት ነው? ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ከነቢያችን ጋር ሰባት ዘመቻ ወጥታ ቁስለኛ አክማለች። ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ድንኳኗ የተተከለው መስጂድ ውስጥ ነበር፤ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) የተኙት እዚያ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመስጂዳቸው ቦታ የሰጡትን ሙያ እኛ በቤታችን እንከለክላለን። የመንገዱ ስጋት እውነት ከሆነ መፍትሔው መንገዱን መጠበቅ ነው። ባጃጅ ያለው ወንድም፣ ታክሲ ያለው አጎት፣ ተራ ገብታችሁ አድርሷት፣ መልሷት። ሰደቃ ነው።

ምን እናድርግ ለምትሉ አቅማችን የሚችለውን ልናገር።

አንደኛ፣ ነርስ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ ያልለካችሁትን አትጻፉ። ከሁሉ በፊት ይህችን አንዲት ነገር ያዙ። አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ እጅም ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሳይታጠብ አይለፍ። ኒያችሁን አስተካክሉ፤ የሌሊት ተረኝነታችሁ ከለይል ሰላት የማያንስ ዒባዳ ሊሆንላችሁ ይችላል። በሐዲስ እንደተነገረን አላህ በቂያማ ቀን ባሪያውን ታምሜ አልጠየቅከኝም ብሎ ይወቅሰዋል፤ ሰውየው ሲደነቅ ባሪያዬ እገሌ ታሞ አልጠየቅከውም፣ ብትጠይቀው እሱ ዘንድ ታገኘኝ ነበር ይለዋል። እኛ ያንን በር የምናንኳኳው በወር አንዴ ነው። እናንተ ግን በየቀኑ ውስጡ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ሆይ፣ ስታስታምሙ ተማሩ። ነርሷን በትሕትና «ሲስተር፣ አባቴን እንዴት ላገላብጣቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰበረ አጥንት ያለበትን ሰው ሳትጠይቁ አታንቀሳቅሱ። ዘወትር ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን እዩ። ችግር ካለ ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ ጻፉ፣ በጽሑፍ አቅርቡ። አትጩሁ፣ አትማቱ።

ሦስተኛ፣ እኛ የመስጂድ ሰዎች። በ1154 ኑረዲን በደማስቆ፣ በ1284 ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያቆሟቸው ሆስፒታሎች የሚተዳደሩት በወቅፍ ነበር። ካይሮ ያለው ድሃና ሀብታም፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ይቀበል ነበር፤ ለሴቶቹ ሴት አስታማሚ፣ ለወንዶቹ ወንድ አስታማሚ ተቀጥሮ። እኛ ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ ብር ስንሰበስብ ዓመት አይሞላም። ዘንድሮ አንዴ ለአየር ፍራሽ ብንሰበስብስ? ከወጣቶቻችን ጥቂቶቹ ነርሶቻችን ዘንድ ሠልጥነው፣ ሆስፒታሉን አስፈቅደው፣ አስታማሚ የሌለውን በሽተኛ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ በተራ ቢያገላብጡስ? ያ ወጣት ነርስ 120 ደቂቃው ወደ 60 ይወርድለታል። ይህንን ለኢማማችን አቅርቤያለሁ፤ እሳቸውም ከጁሙዓ በኋላ እንድንመካከርበት ፈቅደዋል።

የእኚያ አባታችን ልጅ ሰሞኑን መጣ። ወረቀት ይዞ ነበር፤ አቤቱታውን ጽፎ እንዳነብለት ነው። ያየሁትን ቁስል እንድመሰክርለት ጠየቀኝ። ስለ ሸኾቼ አደብ አሰብኩ፣ ኢማማችንንም ጠየቅኩ። «የሟቹን ነውር ሸፍን፣ የሟቹን ሐቅ ግን አትሸፍን» አሉኝ። ፈረምኩለት።

ከእንግዲህ በተዕዚያ ላይ «አጀል ነው» እላለሁ፤ እምነቴ ነውና። ግን ከዚያ ቀጥዬ «የመጨረሻውን ሌሊት ማን ነበር ራስጌው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።

አላህ ለሞቱብን ይዘንላቸው፣ ለታመሙት ፈውሱን ያውርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ በእውነት ቆመው የሚያድሩ ነርሶቻችንን ምንዳቸውን ያብዛ፣ ለደከሙትና ለተሳሳቱት ተውባን ይስጥ፤ ለእኔም ጭምር። አሚን።

ለምታውቁት ነርስና ለምታውቁት አባት አድርሱልኝ።